ሳይነስ አይደለም፣ ስኑስ ነው

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ድፎ ዳቦ አስቆርሰው ጋቢ አለበሱኝ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም «ሲስተር አልጋነሽ፣ ሲስተር አልጋነሽ» እያሉ አመሰገኑኝ። እኔ ሲስተር ሆኜ አላውቅም። ነርስም አይደለሁ። ዕድሜዬን በመድኃኒት ቤት መስኮት ተቀምጬ መድኃኒት ሳድል የኖርሁ ሴት ነኝ። በእኛ አገር ግን ነጭ ጋውን የለበሰች ሁሉ ሲስተር፣ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። መጀመሪያ ላይ ለማረም ሞክሬ ነበር፤ በኋላ ሰለቸኝና ተውሁት። የእኔ ስም ቢሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም። የመድኃኒት ስም ሲሳሳት ግን የሚጎዳው ብዙ ነውና የክርክር ጉልበቴን ለዚያ አስቀመጥሁ።

አሁንም ቤቴ ድረስ ዕቃ ይዘው መጥተው «ይህ ምን ይባላል?» የሚሉኝ አሉ። ደስ ይለኛል። በተለይ አንድ ክብ የፕላስቲክ ሙዳይ የያዘ ሰው ከመጣ የያዝሁትን ሥራ ትቼ አስተምረዋለሁ። የዚያን ሙዳይ ስም በትክክል ለማስጠራት የከፈልነውን አውቃለሁ። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ስም ነው። ስለ ደመወዝ፣ ስለ እድገትና ስለ ዝውውር ወረቀት ባወራ ማንንም አልጠቅምም፤ ሁሉም ዘግይቶ መጣ፣ ሁሉም ትንሽ ነበር።

ሥራ የጀመርሁት ወገዳ፣ ስማዳ ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይቆረጥና መድኃኒቱ በበቅሎ ተጭኖ ይደርሰን ነበር። መስኮቱን የያዙት ጋሼ መኳንንት የሚባሉ የድሮ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲስቁ እንኳ የተቆጡ የሚመስሉ ሰው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የአንዱ ኪኒን ብናኝ ለሌላው እንዳይደርስ፣ ኪኒን የሚቆጥሩበትን ሰሃን አንድ ሰው ባስተናገዱ ቁጥር ይወለውሉታል። ብልቃጡን ከመደርደሪያ ሲያወርዱ፣ ሲከፍቱና ወደ ቦታው ሲመልሱ ስሙን ድምፃቸውን አውጥተው ያነቡታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሰው የመድኃኒቱን ስም በገዛ አፉ ሳይጠራ ከመስኮቱ አይሄድም። ገበሬው ቸኮልሁ ቢል፣ በሬዬ ብቻውን ቆሟል ቢል ግድ የላቸውም። «በል ጥራው» ይሉታል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሜትሮኒዳዞል የሚለው ስም ለምላሳቸው አልመች ቢላቸው «መትረየስ» ብለውት ቁጭ አሉ። እኔ ሳቅሁ። ጋሼ መኳንንት አልሳቁም። «አዎ አባቴ፣ መትረየስ። በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ ጠላ እንዳይጠጡበት» ብለው ሸኟቸው። ሽማግሌው ሲርቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስም እጀታ ነው። ሰው ይያዘው እንጂ ቢጣመም ግድ የለም። አንቺ የምትጠብቂው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአንድ እጀታ ሁለት ነገር እንዳይያዝ» አሉኝ።

ይህን ቃል ይዤ እስቴ ተዛወርሁ። የእስቴው አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፣ ግን ሰልፍ አይወድም። ሰልፉ ከግቢው በር ሲያልፍ እየመጣ «መድኃኒት ነው የምታድዪው ወይስ ፊደል ነው የምታስቆጥሪው?» ይለኛል። ሁለቱንም እለዋለሁ። ብዙ ተጨቃጨቅን፤ መቼም እልኸኛ ነኝ፣ ያንን ያወረሰችኝ እናቴ ናት። በመጨረሻ እሱ ራሱ ታሞ መስኮቴ ላይ ሲቆም የመድኃኒቱን ስም ሳልጠይቀው ጠርቶ አሳቀኝ።

የመጨረሻ ምድቤ የታች ጋይንቷ ከተማ አርብ ገበያ ሆነ። እንግዲህ አርብ አርብ ሁሉም ወደዚያ ይወርዳል፤ በአህያም በእግርም። የመጣ ሁሉ ገበያውን ከጨረሰ በኋላ ወደ እኛ ጎራ ይላል፤ ሕመሙን ለአርብ ያስቀመጠው ይመስላል። ያ ሙዳይ የመጣው በዚህ ገበያ ነው።

ሱቅ ያለው ይታየው የሚባል ወጣት አለ። ወንድሙ ዳኘው ስዊድን ነው የሚኖረው። ሙዳዩ ከዚያ እየመጣ ይታየው ሱቅ ይሸጣል። ሲከፈት በውስጡ ነጫጭ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ የሻይ ከረጢት ልጆች ይመስላሉ። ከላይ ከንፈር ሥር ተወሽቆ ይቆያል፣ ከዚያ ይጣላል። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ትልቁን ስም በእንግሊዝኛ ዓይን ያነበበ «ካልስጆ» ይለዋል፤ ገበያው ወዲያው «ባለ ካልሲው» አለው። ከሥሩ ደግሞ በአራት የላቲን ፊደል «ስኑስ» የሚል ነበር። ጣጣው የመጣው በነዚህ አራት ፊደሎች ነው። የእኛ ምላስ ስና ኑ ተጣብቀው ሲመጡበት አይወድም፤ መካከላቸው ኢ ይጨምርና ሲኑስ ያደርገዋል። እንግሊዝኛ የቀመሰው ተማሪ ደግሞ ሲኑስን ሲያይ «ሳይነስ ነው እኮ!» አለ። ሳይነስ በእኛ ዘንድ አፍንጫ ሲታፈን፣ ግንባር ሲከብድ፣ የጉና ብርድ ጭንቅላት ሲገባ የሚባል ነው። ሳይነስ የሌለበት ሰው የለም። ስለዚህ የሳይነስ መድኃኒት መጣ ተባለ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የዚህን ስም ያወጣው ግን ገበያ ነው።

እኔ ሙዳዩን ሳየው አልወደድሁትም። መድኃኒት ቢሆን መጠኑ ይጻፍበት ነበር። የላቦራቶሪው ባልደረባዬ በስልኩ ፈልጎ አገኘው፤ የስዊድን ሰዎች ከንፈር ሥር የሚይዙት ትምባሆ ነው፣ ስሙም ስኑስ ነው። በእኛ አገር ሱረት የምንለው የዱቄት ትምባሆ ዘመድ መሆኑ ነው። ሄጄ ለይታየው ነገርሁት። ይታየው ክፉ ልጅ አይደለም፤ አምኖበት ነው የሚሸጠው።

«እንዴ ሲስተር፣ የኔታ ኅሩይ እንኳ የሚያደርጉት ነው» አለኝ።

የገበያው ማስረጃ ይህ ነበር። የኔታ ኅሩይ ከከተማው በላይ ባለው ደብር ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩ ናቸው፤ ቤተ ልሔም ድጓ አስመስክረው የተመለሱ ሊቅ። የይታየውና የዳኘው አጎት ናቸው። ዳኘው አንድ ጊዜ አገሩን ሊጠይቅ ሲመጣ ሙዳዩን የሰጠው ለእሳቸው ነበር፤ ከዚያም ሳይቋረጥ ይልክላቸዋል። ሰው ሁሉ ያውቃል። ራሳቸውም አይደብቁትም፤ «ለሳይነሴ ነው» ይላሉ። እንግዲህ ትምባሆ በእኛ አገር ለምእመን እንኳ ነውር ነው፣ ለካህንና ለመምህርማ አይነገርም። እኔ አደባባይ ላይ ቆሜ ይህ ትምባሆ ነው ብል የኔታን ትምባሆ በላተኛ ማለቴ ነው። ስለዚህ ትምባሆ የሚለውን ቃል ሸሸሁና በመስኮቴ ላይ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ይህ ስኑስ ነው፣ ስኑስ መጥፎ ነው» ማለት ጀመርሁ። ጨዋ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

አንድ አርብ ጥሩዬ የምትባል ወጣት እናት ሙዳዩን ይዛ መጣች። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ግን እንደ ሁልጊዜው አስጠራኋት።

«ስኑስ መጥፎ ነው፣ ተጠንቀቂ። በይ ድገሚልኝ» አልኋት።

«ሳይነስ መጥፎ ነው፣ እጠነቀቃለሁ» አለችኝ።

እኔ ስኑስ ስትል ሰማሁ። እሷም እኔን ሳይነስ ስል ሰማች። ሁለታችንም ተግባብተን ተለያየን። ቤቷ ስትገባ ልጇ አፍንጫው ተዘግቶ ያለቅሳል፤ ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ነው። የመድኃኒት ቤቷ ሴት ሳይነስ መጥፎ ነው፣ ተጠንቀቂ ብላታለችና ከከረጢቶቹ አንዱን ለሁለት ቀድዳ ግማሹን ከንፈሩ ሥር አደረገችለት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አዝላው መጣች። ልጁ ያስመልሰዋል፣ ለሃጩ ይወርዳል፣ አመድ መስሏል፣ አንገቱን መሸከም አቅቶታል። ሐኪሞቹ ተረባርበው አተረፉት። ሲሻለው ጥሩዬ መስኮቴ ላይ መጥታ ቆመች፤ አልጮኸችም።

«ሳይነስ መጥፎ ነው አላልሽኝም?» አለችኝ።

በአንድ እጀታ ሁለት ነገር ተይዞ ነበር፤ ይህን ስሕተት የሚይዝልኝ የጋሼ መኳንንት የማስጠራት ዘዴ ራሱ አታለለኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የከፋኝ የለም። በሰፈሯ ደግሞ ጥሩዬን «ልጇን በገዛ እጇ ያሳመመች» ይሏት ጀመር። ባሏ ለሳምንታት አላናገራትም። የሙዳዩ ሽያጭ ግን አልቀነሰም፤ ሰዉ «አሰጣጡን አላወቀችበትም እንጂ መድኃኒቱማ የኔታም የሚያደርጉት ነው» አለ።

ጡረታዬ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። መስኮቱን ለሌላ አስረከብሁ፣ ነገሩን ግን ማስረከብ አልቻልሁም። በማግስቱ ጋቢዬን ለብሼ ወደ ደብሩ ወጣሁ።

የኔታ ከጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው ተማሪዎቻቸውን ቃል ያስነግሩ፣ በቃል ያስጠኑ ነበር። ተማሪዎቹን አሰናብተው ወንበር አስመጡልኝ። ስለ ጡረታዬ መረቁኝ። እኔ ዙሪያ ጥምጥም አላውቅበትም፤ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብዬ ከንፈራቸውን ገልጠው እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው። እያመነቱ ገለጡት። ከረጢቱ በሚቀመጥበት በኩል ድዳቸው ነጥቷል፣ ውኃ እንደ ነካው ቆዳ ተጨማዷል። ትምባሆ መሆኑን ነገርኋቸው።

አልተቆጡም። እንደ ሕፃን አዩኝ። የእኅታቸው ልጅ ትምባሆ እንደማይልክላቸው፣ እሳቸውም ዕድሜያቸውን በንባብ የጨረሱ ሰው ስለሆኑ የሰሙትን ስም እንደማይስቱ አስረዱኝ። ሳይነስ ሲል በጆሯቸው ሰምተዋል፤ አለቀ።

«እንግዲያው ይደውሉለትና እንደ ንባብ ቤት ያስነብቡት» አልኋቸው።

ይህ ፈተና ስለሆነባቸው ደስ አላቸው። ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገን ዳኘውን አገኘነው። እኔ አጠገባቸው መኖሬንም ነገሩት። ሙዳዩን በእጃቸው ይዘው፣ እሱም ከራሱ ሙዳይ ክዳን ጀምሮ በግእዝ፣ ማለትም ፊደል በፊደል፣ ከዚያ በቁም ንባብ፣ ቃሉን በሙሉ፣ እንዲያነብላቸው አዘዙት። ልጁ መደንገጡ በድምፁ ያስታውቃል፤ ቢሆንም ታዘዘ።

ካልስጆ የምንለው ለካ «ሼልኆ» ኖሯል። እነሱ ዘንድ መጀመሪያው ፊደል ከአንዳንድ አናባቢ ፊት ሲቆም ሽ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለው ድምፅ ግን ከሽም ከኸም ያልሆነ፣ ትኩስ ድንች ጎርሶ እንደሚተነፍስ ሰው ያለ ነው። የኔታ ደግመው ደጋግመው አስባሉት። ፊታቸው በራ።

«አልጋነሽ፣ ይህ ብዙኃኑ ኀ ነው! እኛ በአፋችን አጥተን በፊደል ብቻ የቀረን፣ ስዊድን ገብቶ ኖሯል» አሉኝ። መጨረሻ ያለውን አናባቢም መረመሩት። ኤ ለማለት ተነሥተህ ከንፈርህን ለኦ ስታሾለው የሚገኝ ነው ብለው ፈረዱ፤ ልክ ነበሩ። ከጎኑ ያለውን፣ እኛ ፖርሽን የምንለውን ቃል ዳኘው «ፖርትኁን» ብሎ ሲያነብ ሳቁ። እያንዳንዱን ቃል በግእዝ ንባብ ደንብ ተነሽ ነው፣ ወዳቂ ነው እያሉ ለዩት፤ አንዳንዱ ተነሥቶ ይወድቅና እንደገና ይነሣል፣ እንዲህ ያለ ንባብ በእኛ ቤት የለም አሉ። እኔም የመጣሁበትን ልረሳ ትንሽ ቀረኝ።

ከዚያ ወደ አራቱ ፊደሎች ደረሱ። ዳኘው ሊዘላቸው ሞከረ። ሲደግሙበት አነበበው። ስና ኑ መካከል ምንም የለም፤ ኑውም የእኛ ኑ አይደለም፣ ኢ እያልህ ከንፈርህን እንደ ኡ የምታሾልበት ነው። የኔታ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

«ይህ ሳይነስ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው።

«አይደለም የኔታ።»

«ከሥሩ ያለውን ደቃቁን ጽሑፍ አንብብልኝ።»

ልጁ እየፈጠነ አነበበው። የኔታ ከዚህ ሁሉ ባዕድ ቃል መካከል አንዱን ያዙት። «ቶባክስ ያልኸው ምንድን ነው?» አሉት። 

«ትምባሆ ነው የኔታ። ይህ ትምባሆ ጤና ይጎዳል፣ ሱስም ያስይዛል ይላል። ያኔ ሲጠይቁኝ አፍሬ ስሙን ዝቅ አድርጌ ተናገርሁ። እርስዎ ሳይነስ ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልሁ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ልመልሰው?» አለ። እያለቀሰ ነበር።

የኔታ አልሰደቡትም። እግዚአብሔር ይፍታህ ብለው ስልኩን ዘጉት። ሙዳዩን መሬት ላይ አስቀመጡና እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔ አዘንሁላቸው፤ ግን ለማዘን አልነበረም የመጣሁት። የጥሩዬን ልጅ ነገር አንድ በአንድ ነገርኋቸው። መታመሙን ሰምተው ነበር፤ በምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገራቸውም። ሰው የሚገዛው እርስዎን እያየ ነው፣ እኔ ብናገር ማንም አያምነኝም፣ እርስዎ በሕዝብ ፊት ስሙን ይጥሩት አልኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ከተናገርሁ ጉባኤዬ ይበተናል። ከትምባሆ በላተኛ ድጓ የሚማር ማን ነው?» አሉኝ።

«ካልተናገሩ ሌላ ሕፃን ይተኛል። ቀጣዩ ላይነሣ ይችላል» አልሁ። ከእሳቸው ጋር እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ያን ቀን በዚሁ ተለያየን። እኔም አልተውኋቸውም፤ በየጊዜው እየወጣሁ ድዳቸውን አያለሁ። መጀመሪያ ሙዳዩን መተው ነበረባቸው፤ እሱም ቀላል አልነበረም። ላብ ላብ አላቸው፣ እንቅልፍ አጡ፣ ተማሪ ላይ ይጮኹ ጀመር። ልጆቹ የኔታ ምን ነካቸው እያሉ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከንፈራቸው ሥራ ፈትቶ አስቸገራቸው፤ የገብስ ቆሎ ወሰድሁላቸው፣ አንድ አንድ ፍሬ እየያዙ ይውላሉ። አምሮታቸው ሲነሣ «ያ ሼልኆ መጣብኝ» ይሉኛል፤ በትክክለኛው ኀ ነው የሚጠሩት። ያን ጊዜ ብቻ እንስቃለን። ቀስ በቀስ ድዳቸው ወደ መልኩ ተመለሰ። ለንስሓ አባታቸው ነግረው ቀኖና ተቀብለው ነበር። በሕዝብ ፊት የመናገሩን ነገር ግን አላነሡትም። እኔ ሳነሣባቸው ወደ ጉባኤያቸው ያያሉ።

አንድ ቀን ስወጣ ጥሩዬን ከልጇ ጋር ከደጃፋቸው ተቀምጣ አገኘኋት። አስጠርተዋት ነው የመጣችው። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። የሷ ዓይን ቀልቷል፣ የኔታ ልጁን ታቅፈዋል።

«እሑድ ነይ» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን የኔታ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። ይታየውም ከወንዶቹ መካከል ነበር። ሙዳዩን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ከፍ አደረጉት።

«ይህን ታውቁታላችሁ። ሳይነስ ትሉታላችሁ፣ እኔም እለው ነበር። የአገሩ ሰው ስኑስ ይለዋል፤ በእኛ ቋንቋ ትምባሆ ነው። ንባብ አስተምራለሁ የምል እኔ በስሙ ተሳስቼ በአፌ ስይዘው ኖርሁ። እናንተ እኔን አይታችሁ ገዛችሁ። የታመመው ሕፃን በእናቱ ጥፋት አልታመመም፤ በእኔ ነው» አሉ።

ከሴቶቹ በኩል ማጉረምረም ተሰማ። ይታየው መሬት መሬት ያያል። የኔታ ቀጠሉ።

«አሁን እንደ ንባብ ቤት ድገሙልኝ። ይህ ምንድን ነው?»

ማንም አልደገመም። በዚያ ቅጽር ያ ቃል ተነሥቶ አያውቅም፤ ከመምህር ጋር አዳብሎ በአፉ ሊያነሣው የሚደፍር ከየት ይመጣል? እኔም ብሆን ምላሴ ከበደኝ። የኔታ ሙዳዩን እንደያዙ ጠበቁ። ክንዳቸው ሲዝል አየሁት፤ አላወረዱትም።

«ትምባሆ ነው» አለች ጥሩዬ። ልጇን አዝላ ከጎኔ ቆማ ነበር።

«ድገሚው ልጄ» አሏት።

ደገመችው። በሁለተኛው ላይ እኔ አብሬያት አልሁ፣ ከዚያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ወንዶቹ፤ ሳይጮኹ፣ እንደ ተማሪ። ይታየውም አለው። የኔታ ክንዳቸውን አወረዱ። መቋሚያቸውን ለትልቁ ደቀ መዝሙራቸው አስረክበው፣ ቀኖናቸው እስኪፈጸም ከምእመናን ጋር ሊቆሙ ከደረጃው ወረዱ። ሰዉ ጠጋ ጠጋ ብሎ መካከል ላይ ቦታ ሰጣቸው።